በ6 ሺህ ብር የቢሮ ልብስ፦ የአንዲት አዲስ ተቀጣሪ ጉዳይ

ኅዳር 2017 ላይ የአክስቴ ልጅ ሥራ አገኘች። በአንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ጀማሪ አካውንታንት። ከተመረቀች ወራት አልፈው ነበር፤ ሲቪ ያላስገባችበት ቦታ የለም። ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። ደስታው ሳይበርድ ግን ሌላ ጭንቀት ተከተለ። ውል ስትፈርም "ጂንስ፣ ስኒከርና ቲሸርት አይፈቀድም" ተብላለች። ልጅቷ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ዘመኗን ያሳለፈችው በጂንስ፣ በስኒከርና በቲሸርት ነው።

ደመወዟ ግብርና 7 በመቶ ጡረታ ከተቆረጠለት በኋላ ከ9 ሺህ ብር ብዙም አይዘልም። ትራንስፖርት አለ፣ ምሳ አለ፣ ለቤት የምትሰጠው አለ። በእጇ የነበረው ከምርቃት ስጦታዋ የተረፈ 6 ሺህ ብር ብቻ ነው። ልብሱም፣ ጫማውም፣ የልብስ ሰፊው ሒሳብም ከዚያው መውጣት ነበረበት።

እንደሷ ዓይነት ጥያቄ ይዘው የሚመጡብኝ ብዙ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩን ከነሒሳቡ፣ ያልተሳካውንም ጨምሬ ላስቀምጠው። ሐሳቤን ከአሁኑ ልናገር፦ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ ገንዘቡ መሄድ ያለበት ወደ ልብስ ሰፊ ነው እንጂ ወደ ልብስ ሻጭ አይደለም።

የዱቤው ሙሉ ልብስ

ገና ሥራ ሳትጀምር አንዲት የሰፈር ሴት ሻንጣዋን ይዛ ቤት ድረስ መጣች። በየቢሮው እየዞረች በዱቤ የምትሸጥ፣ ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት። የቱርክ ሙሉ ልብስ አወጣች፤ ኮትና ሱሪ፣ ጥቁር። ዋጋው 7,500 ብር፣ በሦስት ወር 2,500 እየተከፈለ። ልጅቷ ለካችው። ልክ አላት። እናቷም "አምሮብሻል፣ ውሰጂው" አለች።

እኔ ተቃወምኩ። ልብሱ መጥፎ ስለሆነ አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ 120ን አልፏል። ከውጭ የሚገባ ልብስ የሚገዛው በዶላር ነው፤ ሻጯ ዋጋውን ከኪሷ አላወጣችውም። ግን ሒሳቡን ተመልከቱት። ከ9 ሺህ ደመወዝ ላይ 2,500 ለሦስት ወር ሲቀነስ ልጅቷ የምትሠራው ለልብሱ ነው። ያውም አንድ ልብስ። ሰኞ የለበሰችውን ማክሰኞም ረቡዕም ልትለብሰው ነው። በየቀኑ የሚለበስ ርካሽ ጥቁር ሱሪ ደግሞ መቀመጫው ላይ ማብረቅረቅ ለመጀመር ጊዜ አይፈጅበትም።

ሴትዮዋን ቡና አጠጥተን፣ አመስግነን ሸኘናት።

አልጋ ላይ የወጣው

ቀጥሎ ያላትን ሁሉ ከቁምሳጥን አውጥታ አልጋ ላይ እንድትዘረጋው አደረግን። ከሥር የተረሳው፣ የተጨማደደው፣ "ይሄማ አይሆነኝም" የተባለው ሁሉ። ይህን ሳያደርጉ ገበያ መውጣት ያለውን ደግሞ መግዛት ነው።

ሦስት ጂንስ፣ ክምር ቲሸርት፣ ሁለት ኮፍያ ያላቸው ሹራቦች ወደ ጎን ተደረጉ። የተረፈው ከጠበቅነው በላይ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፏን ያቀረበችበት ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ አለ፤ ያን ቀን ለብሳው ከዚያ ወዲህ አልነካችውም። ሱሪው ረዝሞባት ውስጡን በስፒል አያይዛው ኖሮ ስፒሉ አሁንም አለ። ሰማያዊ ቀጭን ሹራብ አለ። የምርቃት ቀኗ ወይን ጠጅ ቀሚስ አለ፤ ደረቱ በዶቃ የተሞላ፣ ለቢሮ የማይሆን፣ ከወገብ በታች ግን ምንም ያልተጌጠ ደህና ጨርቅ። የሐበሻ ቀሚሷ ለበዓል ይቆያል። ጥቁር ሽፍን ጫማ አለ፤ ሶሉ አልቆ፣ ቀለሙ ወደ ግራጫ ሄዶ።

ሁለተኛው ጎተራ የእናቷ ክፍል ነበር። አሜሪካ ያለች እህታቸው ከዓመታት በፊት ሰው አስይዛ የላከችው ሻንጣ ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል። እንዲህ ዓይነት ሻንጣ የሌለበት ቤት ስንት ነው? ልብሱ ይሰፋል፣ ይረዝማል፣ "ለሰው ልስጠው" ይባላል፤ ሳይሰጥም ሳይለበስም ይኖራል። ከዚህ ውስጥ ሁለት ኮት፣ አንድ የክሬም ቀለም ሸሚዝና አንድ አመድማ ሱሪ ወጣ። ሁሉም ለልጅቷ ሰፊ ነው።

የእናቷ የራሷ ሳጥን ግን እንዲህ በቀላሉ አልተከፈተም። ውስጡ ድሮ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስትሠራ የምትለብሰው ግራጫ ጉርድ እንዳለ አውቃለሁ፤ ፎቶ ላይ አይቼዋለሁ። አክስቴ ዝም አለች። "ያንን በመጀመሪያ ደመወዜ ነው ያሰፋሁት" አለች በመጨረሻ። ልጇ መልሳ "እኔም እኮ ለመጀመሪያ ሥራዬ ነው፣ እማዬ" አለቻት። ጉርዱ በናፍታሊን ሽታ ታፍኖ ወጣ። ሁለት ቀን በረንዳ ላይ ጥላ ውስጥ ነፋስ ሲመታው ሽታው ለቀቀ።

ጋሼ የሚባሉት ሰፊ

አዲሱ ገበያ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አሉ። ድሮ ሱቃቸው ፒያሳ ነበር፤ ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ ነው የተዛወሩት። አሁን በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በእግር በምትረገጥ መኪና ይሠራሉ። ሰው "ጋሼ" ይላቸዋል። ሁሉንም በፌስታል ሞልተን ወሰድንላቸው።

ጋሼ ልብሱን በመልኩ አልፈረዱትም። ገልብጠው ነው ያዩት። መጀመሪያ ውስጡ ስፌቱ ላይ የተተወ ትርፍ ጨርቅ መኖሩን ይዳስሳሉ። ማጥበብ ሁሌም ይቻላል፤ ማስፋት የሚቻለው ግን ትርፍ ካለው ብቻ ነው። ድሮ ልብስ ሰፊ ጋር የተሰፋ ልብስ ትርፍ ይተውለታል፤ የፋብሪካ ልብስ አብዛኛውን ጊዜ የለውም። የእናትየው ጉርድ በሁለቱም ጎን አንድ ጣት ያህል ትርፍ ነበረው።

ከዚያ ከጉርዱ ውስጥ አንድ ክር ሳቡና ክብሪት ለኮሱ። ክሩ ቀስ ብሎ ነደደ፣ እሳቱ ሲርቅ ወዲያው ጠፋ። የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ። የቀረችው ጥቁር ፍሬ በጣታቸው መሐል ዱቄት ሆነች። "ሱፍ ነው" አሉ። ከአንደኛው ኮት ገበር የሳቡት ክር ግን ቀልጦ ተጨማትሮ እንደ ፕላስቲክ ደረቀ፤ ፖሊስተር። ጥጥ ቢሆን ኖሮ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ አመድ ይተው ነበር። ይህን ማወቅ ለሰፊ ብቻ አይደለም። ሱፍ በሙቅ ውሃ ከታጠበ ተኮማትሮ ይጠፋል፤ ፖሊስተር ላይ የጋለ ካውያ ካረፈ ያብረቀርቃል፣ ባስ ሲልም ይቀልጣል።

ኮቶቹን ልጅቷን አስለብሰው ከኋላዋ ቆሙ። አንደኛውን ወዲያው አስወለቋት። የትከሻው ስፌት ከትከሻዋ አልፎ ክንዷ ላይ ወድቋል። "ልጄ፣ ትከሻውን ከነካሁት ኮቱን እንደ አዲስ መስፋት ነው። ለሱ የምትከፍዪኝ ሌላ ያስገዛሻል።" ሁለተኛው ጥቁር ሰማያዊ ነው። ትከሻው ልክ አረፈ፤ ጎኑ ግን እንደ ድንኳን ሰፊ ነው፣ እጅጌውም እስከ ጣቶቿ ይደርሳል። "ይሄ የኔ ሥራ ነው" አሉ። በጠመኔ አሰመሩበት።

ሥራቸውና ዋጋቸው ይኸው። ግራጫው ጉርድ ከዳሌው ሰፍቶ፣ ከወገቡ ተስተካክሎ፣ ዚፑ ተቀይሮ፣ አዲስ ገበር ገብቶለት 500 ብር። ኮቱ ጎኑ ገብቶ እጅጌው አጥሮ 600። የምርቃት ቀሚሱ ከወገብ ተቆርጦ ቀበቶ ማስገቢያ ያለው ጉርድ ሆኖ 350። የአሜሪካው አመድማ ሱሪ ወገቡና እግሩ ጠቦ 300። ጥቁሩ ሱሪ አጥሮ 150። በኋላ ከገበያ ለመጡት ሁለት ሸሚዞች ጎን ማስገቢያ 100፣ 100። ድምሩ 2,100 ብር።

ልጅቷ "ለማሳጠር ብቻ ይሄን ሁሉ?" ብላ ልትከራከር ነበር። አስቆምኳት። ሰው 3 ሺህ ብር ለሱሪ ሲከፍል ትንፍሽ አይልም፤ ሰፊ ጋር ሲደርስ ግን በ50 ብር ግማሽ ሰዓት ይጨቃጨቃል። ያቺ እጅ ናት እኮ ልብሱን ያንቺ የምታደርገው። በጥድፊያ የተጠማዘዘ ስፌት ውድ ጨርቅ ላይም ርካሽ ይመስላል። በልኩ የተሰፋ ሳልቫጅ ደግሞ ከየት መጣ የሚለው የለም።

በአንድ ነገር ግን ጥብቅ ነበርን። ቀሚሱ ከመቆረጡ በፊት ርዝመቱ በቢሮ ጫማዋ ተለካ። በባዶ እግር ወይም በስኒከር የተለካ ጉርድ ታኮ ሲደረግ ሌላ ልብስ ነው።

ገበያው

እዚህ ስንደርስ የጎደለው ግልጽ ሆነ። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪ፣ ከላይ የሚደረብ አንድ ሹራብ፣ ጫማ። ሌላ ምንም። ዝርዝሩን ስልኳ ላይ ጻፈችው።

ቴሌግራም ላይ ያሉትን ሱቆች አየናቸው። "ዋጋ በኢንቦክስ" የሚል ነገር ለጠባብ ኪስ አይመችም፤ ልብሱን ሳትነኪ፣ ሳትለኪ ስለምትገዢ ደግሞ ስህተቱ ያንቺ ሆኖ ይቀራል። ወደ ሳልቫጅ ሄድን።

ስለ ሳልቫጅ አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ልባሽ ልብስን ለንግድ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ነው፤ መርካቶና መገናኛ የምናየው ቦንዳ በአብዛኛው በኮንትሮባንድ ያለፈ ነው። ለዚህም ነው ሻጩ ዘላቂ ቦታ የሌለው። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሸራውን በአራት ማዕዘን ጠቅልሎ ይሮጣል፤ ገዢም ሳይመርጥ ይቀራል። የአገር ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ይጠበቅ የሚለው ክርክር ይገባኛል። ግን 9 ሺህ ብር ለሚያገኝ ሰው ደህና ጥጥ ሸሚዝ በአቅሙ የሚያቀርብለት ሌላ ገበያ እስኪመጣ ድረስ ሳልቫጁ ይገዛል፤ እኛም ገዛን።

አመሻሽ ላይ መገናኛ መንገድ ዳር ይዘረጋል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። መብራቱ ግን ያታልላል። በመንገድ መብራትና በስልክ ባትሪ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ አይለይም፣ እድፍም አይታይም። ስለዚህ ሱሪውንና ሹራቡን ቅዳሜ ጠዋት መርካቶ ገዛን። ቦንዳ ሲፈታ የደረሰ መርጦ ይወስዳል፤ ከሰዓት የሚመጣ የተረፈውን ያገላብጣል።

የምናየው ይህን ነበር፦ የሸሚዝ ኮሌታ ከኋላ አንገት በኩል መበላቱን፣ ብብቱ ቢጫ መሆኑን፣ የሱሪ የጭን ውስጥ ወደ ብርሃን ሲያዙት መሳሳቱን፣ ዚፑ እስከ ላይ መሄዱን። ቁልፍ ቢጎድል ግድ የለም። ቁልፍ እንዲያውም ርካሽ ማስተካከያ ነው፤ የተሰነጣጠቁት የፕላስቲክ ቁልፎች በሙሉ በአንድ ዓይነት ጠቆር ያለ ቁልፍ ሲቀየሩ ሸሚዙ ዋጋው የጨመረ ይመስላል። ለሁለቱ ሸሚዝ 120 ብር የቁልፍ ገዛን።

ልጅቷ ዋጋ ስትከራከር ደስ ትላለች። ሻጩ ለሱሪው "አንድ ሺህ" አላት። "የመጨረሻውን ንገረኝ።" "ዘጠኝ መቶ፣ ላንቺ ብዬ።" ሱሪውን አልጣለችውም፤ አጥፋ አስቀመጠችውና ሌላ ማየት ጀመረች። "ስንት አለሽ?" አላት። 700 ላይ ተስማሙ። ሹራቡ 400። ሸሚዞቹ ግን በሳምንቱ መሐል አመሻሽ ላይ ከመገናኛ የመጡ ናቸው፤ ውሃ ሰማያዊው 350፣ ቀላል አረንጓዴው 300። ድምሩ 1,750 ብር።

ያልተሳካው እዚህ ላይ ነው። አረንጓዴው ሸሚዝ ጠዋት በፀሐይ ሲታይ ብብቱ ዙሪያ የቆየ የላብ ቀለም ወጣበት። በሳሙና፣ በሎሚ፣ ዘፍዝፎ በማደር ተሞከረ። አልለቀቀም። ጋሼም ጎኑን ካስገቡት በኋላ ነው የታየው፤ ስለዚህ 300 ብሩም የማስገቢያው 100 ብርም ሄደ። አሁን በሹራብ ሥር ትለብሰዋለች፤ ብቻውን አይወጣም።

ከሳልቫጅ የመጣው ሁሉ ሳይታጠብ ቁምሳጥን አልገባም። ጥጡ በፈላ ውሃ፣ ሹራቡ በቀዝቃዛ። ከዚያ ስፌቱ ስፌቱ ላይ በካውያ።

ጫማ

ጫማ ላይ ብቻ ነው አዲስ ይገዛ ያልኩት። ሰው የለበሰው ጫማ የሌላ ሰው እግር ቅርጽ ይዟል፤ ቀኑን ሙሉ ለምትሮጥ ሠራተኛ አይሆንም። የአገር ውስጥ ስሪት፣ ጥቁር፣ አጭር ታኮ ያለው ጫማ በ1,500 ብር ተገዛ። አሮጌው ሽፍን ጫማ ደግሞ ጫማ ሰፊ ጋር ሄዶ ሶሉ ተቀየረ፣ ዙሪያው ተሰፋ፣ ጥቁር ተቀባ፤ 450 ብር። ሰፊው በማስቲሽ ብቻ ሊያጣብቀው ነበር። ክረምት ሲመጣ በማስቲሽ የተያዘ ሶል ጭቃ ላይ ይቀራል። "ይሰፋልኝ" ማለት ያስፈልጋል።

ሁለት ጫማ እያፈራረቁ ማድረግ ሁለቱንም ያቆያል። ያንዱ ላብ ሳይደርቅ ደግሞ ካልተረገጠ ቶሎ አይሰነጠቅም።

ሒሳቡና ከዚያ ወዲህ

ሰፊ 2,100፣ ሳልቫጅ 1,750፣ ቁልፍ 120፣ ጫማ 1,950። ድምር 5,920 ብር። 80 ብር ተረፈ፤ ታክሲም ከሌላ ኪስ ነው የወጣው።

በእጇ ያለው አምስት የታች ልብስ ነው፦ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ፣ አመድማ ሱሪ፣ ግራጫ ጉርድ፣ ወይን ጠጅ ጉርድ። ብቻቸውን የሚወጡ አራት የላይ ልብሶች አሉ፦ ነጭ ሸሚዝ፣ ክሬም ሸሚዝ፣ ውሃ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ሰማያዊ ሹራብ። ከላይ ኮቱ ወይ የሳልቫጁ ሹራብ ይደረባል። በወረቀት ሲባዛ 20 አለባበስ ይወጣል። በተግባር ሁሉም አይለበስም፤ ወይን ጠጁን ከውሃ ሰማያዊ ጋር አትወደውም፣ እኔም አልወደውም። ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳትደግም መሄድ ትችላለች። ይህ የሆነው ገበያ ስንወጣ ከጥቁር፣ ከሰማያዊና ከግራጫ ጋር የማይሄድ ቀለም ላለመግዛት ስለወሰንን ነው። አንድ ብርቱካናማ ሸሚዝ ነበር፣ ጥጥ፣ ንጹሕ፣ 200 ብር። ልጅቷ እጇ አልለቅ አላት። ተውነው።

ሥራ በጀመረች በወሩ ከቢሮዋ አንዲት ሴት ስለ ግራጫው ጉርድ ጠየቀቻት፤ የት እንደገዛችው። "የእናቴ ነው" አለቻት። አክስቴ ይህን ስትሰማ ሳጥኑን ራሷ ከፍታ ጉርዱን የሚገጥም ኮት አወጣች። ትከሻው ትንሽ ይሰፋል፤ ጋሼ አይተውት "በትከሻ መደገፊያ ይያዛል፣ አልቆርጠውም" ብለዋል። ለታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ደረሰላት።

የአሜሪካው ትልቁ ኮት፣ ትከሻው ያልሆነው፣ ለወንድሟ ሚስት ሄዷል። ልክ ሆኗታል።

የቀረው የክረምት ነው። ዝናብ የሚችል ጃኬት የላትም፤ ሳልቫጅ ላይ ደህና የዝናብ ጃኬት ደግሞ በሰኔ ሁሉም ሲፈልገው ዋጋው ይወጣል። ስለዚህ ከየካቲት ደመወዟ ጀምራ በወር 300 ብር ለልብስ ብቻ ትለያለች፤ ጃኬቱን የምትፈልገው በጋ ላይ፣ ማንም በማይጠይቅበት ሰዓት ነው። ጥቁሩ ሱሪ መቀመጫው ላይ ማብረቅረቅ ሲጀምር ደግሞ ተራው የሱ ይሆናል።